አዋሽ የት ገባ?

በጂኦግራፊ ትምህርት ከተማርናቸው ነገሮች ብዙዎቻችን የማንረሳው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ይቀራል» የሚል። መምህሩ ይህን ብሎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ያልፋል፤ ተማሪውም ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። «የት ቦታ ይቀራል? ማን አየው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። ጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ትልቅ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ለአውሮፓ የካርታ ሠሪዎች በውል የታወቀው ግን በ1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1934) ነው። መልሱን ይዞ የተመለሰው ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የ23 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር።

«ለአውሮፓ የካርታ ሠሪዎች» ያልነው ሆን ብለን ነው። አፋሮች ወንዛቸው የት እንደሚያልቅ ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት፣ በድርቅ ጊዜ የሚሸሹት ወደዚያው ነው። የጨው ነጋዴውም ያውቀዋል። ያላወቁት ሊያውቁ የፈለጉ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ለማወቅ ሲሞክሩ ብዙ ጊዜ ሕይወታቸውን ከፍለዋል።

ከባድ ስም የነበረው ምድር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓውያን «ደናክል» ብለው የሚጠሩት የአፋር ምድር ዝናው የከፋ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ወር (እ.ኤ.አ. 1875) በግብፅ ኬዲቭ አገልግሎት የምጽዋ ገዥ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ከታጁራ ተነስቶ ወታደሮቹን አስከትሎ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ሞከረ። አውሳ ላይ ሌሊት ተወረረ፤ እሱም አብራው የተጓዘችው ባለቤቱም እዚያው ቀሩ። በ1873 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጁልየቲ ከበይሉል ወደ ውስጥ ሲገባ ከነባልደረቦቹ ተገደለ። በ1877 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ጉስታቮ ቢያንኪ ከትግራይ ወደ አሰብ ሊሻገር ወርዶ የጁልየቲ ዕጣ ደረሰው።

ይህን ዝርዝር ብቻ ያነበበ ሰው አገሩ በጭራሽ የማይታለፍ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በ1875 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1883) ፒዬትሮ አንቶኔሊ ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋር ውል ተዋውሎ ከአሰብ ሸዋ ገብቷል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ አንኮበር ድረስ ቅፍለት ነድቷል። መንገዱ ፈቃድ ላገኘ ሰው ክፍት፣ ወታደር አስከትሎ ለመጣ ወይም ሳይጠይቅ ለገባ ሰው ዝግ ነበር ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) ኔስቢት የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ፓስቶሪና ሮሲና ከተባሉ ሁለት ጣሊያኖች ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ የአፋርን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ ኤርትራ ወጣ። በመንገድ ላይ ከአሽከሮቻቸው ሦስቱ ተገድለዋል። የኔስቢት ጉዞ ትልቅ ጉዞ ነው፤ ዓላማው ግን በረሃውን ማቋረጥ ስለነበር ወንዙን በአውሳ ውስጥ እስከ መጨረሻው አልተከተለም። ጥያቄው እንዳለ ቀረ።

ከሌጋሲዮን ግቢ እስከ በረሃ

ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ የመጣ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበር። የልጅነት ትዝታው ከኛ የታሪክ መጻሕፍት ጋር የተቆላለፈ ነው። በ1909 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ መውረድ ግርግር በተነሳ ጊዜ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በእነ ቴሲጀር ቤት ተሸሽጎ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን ከተደረገው የሰገሌ ጦርነት በኋላ የድል አድራጊው ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባና ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ሲያልፉ የስድስት ዓመቱ ልጅ ቆሞ ተመልክቷል። በሽምግልናው ዘመን እንኳ ከዚያ ቀን የበለጠ የቀረፀው ነገር እንደሌለ ይናገር ነበር።

ውለታው አልተረሳም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ ያኔ የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው ወጣት በስሙ የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ ደረሰው። በበዓሉ ሰሞን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ከነበረው ከሜጀር ቺዝማን ጋር ተገናኘ። ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ያጠና ሰው ነው። ወጣቱ «በዚህ አገር ያልተጠና ምን ቀርቷል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አዋሽ ወደ አፋር ገብቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ እንደቀረ ነገረው። በዓሉ ሲያልቅ ቴሲጀር በአዋሽ ሸለቆ የአንድ ወር አደን ሄዶ አገሩን ቀመሰው፤ ከዚያም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ልቡ ግን እዚያው ቀረ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ከእንግሊዝ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበርና ከኮሌጁ ጭምር ድጋፍ አግኝቶ፣ ዴቪድ ሄግ-ቶማስ ከተባለ ጓደኛው ጋር ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያ በአርሲ ተራሮች ተዘዋውረው ሰውና ከብት አላመዱ። ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታህሳስ 1 ቀን 1933) ደግሞ ከአዋሽ ጣቢያ ቅፍለቱ ተነሳ። መንግሥት ያዘዛቸውን ወታደሮች ጨምሮ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነበር። የቅፍለቱ አለቃ ዑመር የሚባል ሶማሌ ነው። ቴሲጀር በጻፈው ሁሉ ይህን ሰው ደጋግሞ ያመሰግነዋል፤ ከሱልጣኑ ጋር የተነጋገረውም በእሱ አፍ ነው። እንዲህ ያሉ ጉዞዎች ሲነሱ ስሙ የሚጠራው ፈረንጁ ብቻ ነው እንጂ ግመሉን የጫነው፣ ውኃ ያለበትን የጠየቀው፣ ከባላባቱ ጋር የተከራከረው ሰው ስም ከግርጌ ማስታወሻ አያልፍም። ዑመር ከዚህ ዕጣ በመጠኑ ያመለጠ ይመስለናል።

ችግር የጀመረው ወዲያው ነው። ሄግ-ቶማስ ታሞ ለመመለስ ተገደደ። ቴሲጀር በዚህ ብዙም እንዳላዘነ አልደበቀም፤ ብቻውን መሆን ይመርጥ ነበር።

ባዱ ላይ የመጣ ደብዳቤ

በዛሬው ገዋኔ አካባቢ የሚገኘው ባዱ ለምለም ሜዳ ነው፤ ግጦሹም ውኃውም የሚያስቀና ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በረሃ መሀል ሲገኝ ደግሞ ብዙ ደም ይፈስበታል። በአፋርና በኢሳ መካከል ያለው የግጦሽና የውኃ ፀብ ያኔም ነበር፤ ባዱን የሚይዙት አሳይማራዎችም ከሌሎች የአፋር ጎሳዎች ጋር በሰላም አልነበሩም። ቅፍለቱ ባለፈባቸው መንደሮች ሰሞነኛ ግጭት ያልደረሰበት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሌሊት ሌሊት ጭነቱን በክብ ደርድረው፣ ግመሉን መሀል አስገብተው፣ ዘበኛ አቁመው ነበር የሚያድሩት።

በዚህ አገር ወሬ ከግመል ይፈጥናል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ በሥርዓት ይለዋወጣሉ፤ «ዳጉ» ይሉታል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። እናም ቅፍለቱ ገና ባዱ ሳይደርስ ስንት ሰው፣ ስንት ጠመንጃ፣ ስንት የመንግሥት ወታደር እንዳለው አውሳ ድረስ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም።

ባዱ ሲደርሱ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ፤ ከመንግሥት የተላከ «ተመለስ» የሚል ትእዛዝ። የሚሆነውን አስቡት። ዓመታት የታሰበበት ጉዞ፣ ወንዙ ፊት ለፊት እየፈሰሰ፣ በወረቀት ይቆማል። መንግሥት ግን ምክንያት ነበረው። አንድ የእንግሊዝ ዜጋ፣ ያውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በቤተሰብ የሚተዋወቅ፣ አፋር ውስጥ ቢሞት የሚጠየቀው አዲስ አበባ ነው። ወታደሮቹ ብቻቸውን ቢመለሱ ደግሞ ቅፍለቱ ጥበቃ ያጣል። ቴሲጀር አልታገለም፤ ሁሉንም ይዞ ወጣ፤ አዲስ አበባም ገብቶ ደጅ ጠና።

ደጅ ጥናቱ ሳምንታት ፈጀ። እዚህ ላይ ጉዳዩን ካቃኑለት ሰዎች አንዱ በዚያን ጊዜ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። አንባቢ ያስታውሳል፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወስደው ሕንድ ውስጥ ያሳደጓቸው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ዶክተር ማርቲን የሚባሉት ሰው ናቸው። ፈቃዱ የተገኘው ቴሲጀር በራሱ ላይ ለሚደርሰው ማንኛውም ነገር መንግሥት ተጠያቂ እንዳይሆን ጽፎ ከፈረመ በኋላ ነው። በየካቲት ወር ከአፍደም የባቡር ጣቢያ ቅፍለቱ እንደገና ጉዞ ጀመረ።

በጨረቃ ብርሃን

ከባዱ በታች ያለው ጉዞ ረጅም ነው። በጋው እየገፋ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ወንዙን መከተል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ረግረጉ፣ ጥቅጥቅ ያለው የዳር ዱርና የወባ ትንኙ ከወንዙ ያርቃሉ፤ ከወንዙ ሲርቁ ደግሞ ውኃ የለም። ወደ አንዱ ሲሸሹ በሌላው መያዝ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ (ሉሲ) እንደምትገኝ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

የአውሳ ድንበር ላይ ገሊፋጌ በተባለ ስፍራ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያለ ሱልጣኑ ፈቃድ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። ሱልጣኑ መሐመድ ያዮ ነው። ከቀናት ጥበቃ በኋላ መልእክተኛው የሱልጣኑን የብር ከዘራ ይዞ መጣ፤ ይህ ከዘራ የቃሉ ምልክት ነው። ከዚያም አንድ ማታ ወደ ጫካው ውስጥ ተጠሩ።

በጫካው መሀል ገላጣ ቦታ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ጊሌያቸውን ታጥቀው ተቀምጠዋል። ሱልጣኑ ነጭ ለብሶ ይጠብቃል። ንግግሩ ጥቂት ነበር፤ ዑመር ያስተረጉማል። ከየት መጣህ? ለምን መጣህ? ማን ላከህ? የወንዙን መጨረሻ ለማየት ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣ ሰው አለ ብሎ ለማመን ለሱልጣኑ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። ለእኛም ቢሆን ዛሬ ይከብደናል። ቴሲጀር በኋላ ሲጽፍ ያን የጨረቃ ምሽት የልጅነት ሕልሙ የተፈጸመበት አድርጎ ያነሳዋል፤ ስለ ሱልጣኑ የተጠቀመባቸው ቃላት ግን የዘመኑ ፈረንጅ ስለ አፍሪካ ገዥ የሚጠቀምባቸው እንጂ የአክብሮት አልነበሩም።

እስቲ ነገሩን ከዚያኛው ወገን እንየው። የመሐመድ ያዮ አገር በስተምሥራቅ ከፈረንሳይ ጅቡቲ፣ በስተሰሜን ከጣሊያን አሰብና ኤርትራ፣ በስተምዕራብ ከአዲስ አበባ መንግሥት ጋር ይዋሰናል። ሦስቱም መሬቱን ይፈልጋሉ። አያቶቹ ከግብፅ የመጣ ጦር መልሰዋል። አሁን ደግሞ አንድ ነጭ ወጣት ከአዲስ አበባ ወታደሮች ጋር መጥቶ ወንዝ ልይ፣ ተራራ ልለካ ይላል። የሚለካ ሰው ከኋላው የሚያስለካ እንዳለው ማንም ሱልጣን ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መሐመድ ያዮ ፈቀደ። ለምን እንደፈቀደ የሚያስረዳ የራሱ ቃል አልቀረልንም። ምናልባት ወጣቱ በድፍረት ሳይሆን ቆሞ ፈቃድ በመጠየቁ፣ ምናልባትም ቢሞት ከሚያመጣው ጣጣ ቢያልፍ ይሻላል በሚል ሊሆን ይችላል።

የወንዙ መጨረሻ

አውሳ እንደ ሰላጤ ነው። ዙሪያውን የጠቆረ አለት ከቦት መሀሉ ለምለም፤ ወንዙ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ያጠጣዋል፣ እርሻ አለው፣ ከብት አለው። አዋሽ ይህን ካጠጣ በኋላ ዛሬ ገማሪና አፋምቦ በምንላቸው ሐይቆች አካባቢ ያልፋል። እዚያ የደረሰ ሰው «በቃ፣ ይኸው አለቀ» ሊል ይችላል። አላለቀም። ውኃው ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ዳማ አሊ የተባለውን እሳተ ገሞራ ታክኮ ወደ ሌላ ሐይቅ ይወርዳል። ይህ አቤ ሐይቅ ነው። በአፋርኛ «ባድ» ማለት ባሕር ወይም ሐይቅ ነውና ቴሲጀር «አቤባድ» ብሎ መዝግቦታል።

አዋሽ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የሚገባው ውኃ በፀሐይ ይተናል፤ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ዳር ዳሩን ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ፍል ውኃ የተገነቡ የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫ የሚመስሉ ዓምዶች ቆመዋል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያለው ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወንዙ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ባሕሩን በዚህች የቀረበች ርቀት ያጣዋል። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የአፋር ዝቅታ ሦስት የምድር ቅርፊት ስንጥቆች የሚገናኙበት፣ መሬቱ እየተሳሳበ የሚሰምጥበት ቦታ ነው። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ያህል ነው፤ በሐይቁና በባሕሩ መካከል ግን የእሳተ ገሞራ አለት ተከምሮ መንገዱን ዘግቶታል።

ሰው ካሰበበት ሲደርስ ችግሩ ያበቃ ይመስለዋል። የዚህ ጉዞ ክፉው ክፍል ግን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ስላልታሰበ ወደ ባሕሩ መሻገር ነበረባቸው። መጀመሪያ በፈረንሳይ ግዛት ዲኪል የሚባለው ምሽግ ደረሱ። በዚያ ቅፍለቱን የተቀበለው መኮንን በርናር ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1927 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከአፋር ዘማቾች ጋር በተደረገ ውጊያ ከነወታደሮቹ ተገድሏል። ይህ በእርግጥም የምድሩን የዚያን ጊዜ ሁኔታ ያሳያል።

ከዲኪል እስከ ታጁራ ያለው መንገድ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሳር የለም፤ ቁጥቋጦ የሚባለውም እዚህም እዚያም ነው። ድንጋዩ የግመል ሰኮና ይቆርጣል። መንገዱ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ ያዋስናል፤ በዙሪያው ነጭ ጨው፣ ከጨው ባሻገር ጥቁር አለት፤ ወሩ ደግሞ ግንቦት ነው። ከአዋሽ ድረስ ጭነት የተሸከሙት ግመሎች የሚበሉት አጥተው አንድ በአንድ ወደቁ። አብዛኞቹ ታጁራን ሳያዩ ቀሩ። ግመል በውኃ ጥም አይሞትም የሚል ሰው አንዳንዴ ይገጥማችኋል፤ እነዚህ የሞቱት ግን በረሃብ ነው።

ግንቦት 12 ቀን 1926 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1934) ቅፍለቱ ታጁራ ገባ። ከአዋሽ ጣቢያ ከተነሱ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ከታጁራ በጀልባ ጅቡቲ ተሻገሩና ጉዞው እዚያ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ

ቴሲጀር ውጤቱን በንጉሣዊው ጂኦግራፊ ማኅበር ፊት አቀረበ፤ ጽሑፉም በማኅበሩ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1935 ወጣ። በጉዞው ላይ በየቀኑ የጻፈው ማስታወሻ ግን በመጽሐፍ መልክ የታተመው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በሕይወቱ ብዙ ቦታ ዞሯል። በዓረብ በረሃ ባደረጋቸው ጉዞዎች በዓለም ይታወቃል፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት ጎጃም ገብተው ከተዋጉት የእንግሊዝ መኮንኖች አንዱ ነበር። ነሐሴ 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ።

ሱልጣን መሐመድ ያዮ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጣሊያኖች ጋር ወገነ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944)፣ መንግሥት ጦር ልኮ ማረከው፤ በቦታው አሊሚራህ ሐንፈሬ ተሾሙ። እሳቸውም በ2003 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአውሳ ሱልጣን በመባል ይታወቁ ነበር።

ወንዙ ራሱ ከሁሉም በላይ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። መተሐራ ላይ ሸንኮራ፣ አሚባራና ዱብቲ ላይ ጥጥ ተተከለ፤ ኋላም ተንዳሆ ተገደበ። ቴሲጀር ሲያልፍበት የግጦሽ መሬት የነበረው ዳርቻ በብዙ ቦታ እርሻ ሆኗል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተቀዳው ውኃ ታች አይደርስምና አቤ ሐይቅ ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ እጅግ ሸሽቷል። ያኔ ውኃ ዳር የነበሩት የኖራ ዓምዶች ዛሬ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ በጅቡቲ በኩል ቱሪስቶች በመኪና እየሄዱ መካከላቸው ይመላለሳሉ። በዚህ በኛ በኩል ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ውኃው ወደ ሸሸበት ከብቱን እየነዳ ይከተላል።